ከጓሮ፦ ውሃው የት ገባ?

ባለፈው እትም ስለ ጽጌረዳ ገረዛ ከጻፍኩ በኋላ ስለ አበባ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል ብዬ ነበር። የመጣው ግን ውሃ ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ኩሬና ፏፏቴ ስለሆነ ገጹን በሙሉ ለነሱ ለቅቄያለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ግቢ ስቆፍር የኖርኩ አትክልተኛ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር አንድ ጊዜ አበላሽቼው የተማርኩት ነው።

ጋሼ፣ ሰሚት አካባቢ ቤት ሠርተን ገባን። ከበረንዳው ፊት ለፊት 3 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን ኩሬ፣ ከጎኑም 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው ፏፏቴ አስቤያለሁ። ግንበኛው በኮንክሪት ሠርቼ በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ ይላል። ፓምፕ ገዝቻለሁ፤ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 3,000 ሊትር፣ ከፍታ 2 ሜትር ይላል። ይበቃኛል? ቆሮሶ አሳ ብለቅበትስ? — ከሰሚት

ወንድሜ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። ግንበኛውን ግን ትንሽ አቆየው።

መጀመሪያ አፈሩን እይ። እናንተ ሰፈር ብዙው ቦታ መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በየዓመቱ የሚነፋና የሚሟሽሽ አፈር ላይ የተቀመጠ ኮንክሪት አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ኮተቤ በራሴ ግቢ የሠራሁት የመጀመሪያ ኩሬ 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነበር፤ «ለኩሬ ደግሞ ፌሮ ምን ያደርጋል» ብዬ ያለ ፌሮ አስሞላሁት። ኅዳር ላይ ውሃ ገባበት። መጋቢት ላይ ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። እኔ ማታ ማታ በጎማ እሞላለሁ፣ ጠዋት ወርዶ ይጠብቀኛል። ውሃው ለካ ተንሸራቶ የሰርቪስ ቤቱን ግድግዳ ከሥር እያረጠበ ኖሯል፤ ቀለሙ መላጥ እስኪጀምር ድረስ ማንም አላወቀም። ባለቤቴ «ድንጋይ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ገና አየሁ» ያለችው እስካሁን በየበዓሉ ይነሳል።

ኮንክሪት አይሆንም አልልም። በፌሮ ታስሮ፣ 15 ሳንቲም ወፍሮ፣ ከሲሚንቶው ጋር የሚደባለቅ ውሃ መከላከያ ገብቶበት በደንብ ከተሠራ ይቆያል። በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ የሚለው ግን አይመቸኝም። ኮንክሪት ጥንካሬውን ያዘ የሚባለው በ28 ቀኑ ነው። ከዚያ በኋላም አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ይለቃል፤ ያ ውሃ አሳ ይፈጃል። ሞልቶ ሳምንት አቆይቶ መድፋት፣ ደግሞ መሙላት፣ ደግሞ መድፋት አለ፤ ቢያንስ ሦስት ዙር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ማን ይችለዋል?

እኔ ብሆን ጂኦሜምብሬን አነጥፋለሁ። ገጠር የዝናብ ውሃ ለሚታቆርበት ጉድጓድ የሚነጠፈው ጥቁር ላስቲክ ነው፤ አፈሩ ሲነፋም ሲሟሽሽም አብሮ እሺ ይላል። 0.5 ሚሊሜትሩ ስስ ነው፣ ስትቆምበት ከሥር ያለ ጠጠር ይበሳዋል። 1 ሚሊሜትሩ ደግሞ ጥግ ላይ አልታጠፍም ብሎ ይታገላል። ለእንዳንተ ዓይነቱ ትንሽ ኩሬ 0.75 ይስማማኛል። ከሥሩ 5 ሳንቲም አሸዋ አድርግ፣ በላዩ አሮጌ ምንጣፍ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ደራርብበት፣ ከዚያ ላስቲኩን አንጥፍ። ልኩን ስታወጣ እንዲህ አስብ፦ ኩሬው 70 ሳንቲም ይጠልቃል እንበል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዶ ለመውጣት ሁለት ጊዜ 70፣ ለሁለቱ ዳር 30፣ 30፤ ድምሩ 5 ሜትር። በወርዱ በኩል በተመሳሳይ ስሌት 4 ሜትር። 5 በ4 ቁረጥ። ለፏፏቴው ሌላ ቁራጭ ያስፈልግሃል፤ እሱ ከላይ ሆኖ ወደ ኩሬው ላስቲክ ውስጥ ይግባ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ። ገልብጦ የደረበ ሠራተኛ አይቻለሁ።

ጉድጓዱ እንዳለቀ፣ ላስቲኩ ሳይገባ፣ ዳሩን በውሃ ልክ ቱቦ አስለካ። ግንበኛው ያቺን ውሃ የሞላች ነጭ ቱቦ አያጣትም። አንዱ ዳር በ3 ሳንቲም ዝቅ ካለ በዚያ በኩል ውሃው ይፈስሳል፣ በሌላው በኩል 3 ሳንቲም ጥቁር ላስቲክ ዕድሜ ልክህን አፍጥጦ ያይሃል። በኋላ በድንጋይ እንሸፍነዋለን ቢሉህ አትስማ።

አሁን ወደ ፓምፑ። ካርቶኑ ላይ ያለው 3,000 ሊትር ፓምፑ ውሃውን ምንም ሳያነሳ የሚያፈሰው ነው፤ 2 ሜትሩ ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሊያደርስ የሚችልበት ጣሪያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታገኛቸውም። 1 ሜትር ከ20 ላይ የሚተርፍህ በግምት 1,200 ሊትር ነው፣ ቱቦው ቀጭን ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ጥሩ አድርጎ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንተ ፏፏቴ 8 ሳንቲም ስፋት ይኖረዋል። ያ ፏፏቴ አይደለም፣ ያልተዘጋ ቧንቧ ነው።

ፓምፑን ከመለወጥህ በፊት ሐሳብህን ለውጥ። ፏፏቴውን ወደ 60 ሳንቲም አውርደውና በሁለት እርከን ክፈለው። ያው ፓምፕ ወደ 2,000 ሊትር ይሰጥሃል፣ ስፋቱም ወደ አንድ ጋት ተኩል ይደርሳል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ይሰማሃል። ጢስ እሳት ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በግቢ ውስጥ ግን ከፍታ የሚያተርፈው ርጭት ብቻ ነው፣ ርጭት ደግሞ ከኩሬው የወጣ ውሃ ነው። የቆፈርከውን አፈር ቆልለህ ፏፏቴውን በላዩ ልታቆም ካሰብክ በየ20 ሳንቲሙ ውሃ እያርከፈከፍክ አስጠቅጥቀው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ክረምት ይዞት ይሰምጣል፣ ልክ ያስቀመጥከው ድንጋይም ወደ ጎን ማየት ይጀምራል።

መብራት የሚዘረጋልህ ሰው ባለሙያ ይሁን፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ያስገባልህ። በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም። ፓምፑ 50 ዋት ቢሆንና ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ፏፏቴው አናት ላይ ካለው ገንዳ ውሃ በላይ ይፍሰስ እንጂ ውስጡ አይስጠም። ከሰጠመ መብራት በሄደ ቁጥር ቱቦው ወደ ኋላ እየመጠጠ የላዩን ገንዳ ወደ ታች ያራግፈዋል፣ ኩሬውም ሞልቶ በሣርህ ላይ ይፈስሳል። እኛ አገር መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ አንተው ታውቃለህ።

ቆሮሶውን ተወው። የሙቅ ውሃ ልጅ ነው፤ ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ትንሽ ኩሬን ወደዚያ ይወስዳታል። ጎልድፊሽ ብርዱን ይችላል። መብራት ሲሄድ አየር እንዳያጥራቸው ከስድስት አትብለጥ፤ የቧንቧውን ውሃም ክሎሪኑ እንዲለቀው ሁለት ቀን ሳታቆይ አሳ አታግባ።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ ባለ ሁለት እርከን ፏፏቴ ያለው ኩሬ አሠርተውልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን በሁለት ቀን አንድ ስንዝር ውሃ ይጎድላል። የሠራው ልጅ «እማማ፣ ፀሐይ ነው የሚጠጣው፣ ቢሾፍቱ ሙቀት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው? — ከቢሾፍቱ

እትዬ፣ ፀሐይ እንዲህ አትጠጣም። በበጋ ከገላጣ ኩሬ በቀን የምትወስደው ግማሽ ሳንቲም ቢሆን ነው፤ ፏፏቴው የሚረጨው ተጨምሮበት አንድ ሳንቲም ይበሉት። የእርስዎ ግን በቀን ግማሽ ስንዝር ነው።

ለልጁ የሚያሳዩት ማስረጃ እንዲኖርዎት አንድ ነገር ያድርጉ። ባልዲ ከራሱ ከኩሬው ውሃ ሞልተው ኩሬው ውስጥ ዳር ዳር ባለው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጨምሩበት። የባልዲውን ውሃ ከውስጥ በኩል፣ የኩሬውን ደግሞ ከባልዲው ውጭ በኩል በእስክሪፕቶ ምልክት ያድርጉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይዩት። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ልጁ እውነቱን ነው፣ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ኩሬው ብቻ ከወረደ ፀሐይ ነፃ ናት።

ከዚያ ፓምፑን አጥፍተው አንድ ቀን ይጠብቁ። ፓምፑ ጠፍቶም ውሃው ከወረደ ቀዳዳው ኩሬው ውስጥ ነው፤ ወርዶ ወርዶ የሚቆምበትን ቦታ ያስተውሉ፣ ቀዳዳው በዚያ ልክ ዙሪያውን አንዱ ጋ ነው። ትንሽ ወተት በመርፌ አልባ ስሪንጅ ይዘው የረጋው ውሃ ውስጥ ላስቲኩ አጠገብ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ወተቱ ቀጭን ክር ሆኖ ወደ አንድ ቦታ ከተሳበ አገኙት።

ፓምፑ ሲጠፋ መጉደሉ ካቆመ ግን ጥፋቱ ፏፏቴው ላይ ነው። የእኔ ግምትም እሱ ነው፤ ጠፋ ተብሎ ከተጠራሁበት ውሃ ብዙውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሲመሽ ባትሪ ይዘው አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ውሃው የሚወርድበትን ድንጋይ ከፊት ሳይሆን ከታች አሻቅበው ይዩት። አፏ የተሸረፈ ጀበና ቡናውን ሲኒው ውስጥ ሳይሆን በአንገቷ አድርጋ ረከቦቱ ላይ እንደምታወርደው፣ አጭርና ዳሩ የዶለዶመ ድንጋይም ውሃውን በሆዱ ሥር መልሶ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከዚያ ከላስቲኩ ጀርባ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መሬት ነው። መፍትሔው ጠርዙ ስል የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከታች ካለው ድንጋይ 5 ሳንቲም ወደ ፊት ይውጣ፣ ትንሽም ወደ ፊት ያዘንብል። በድንጋዩና በላስቲኩ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ሳይሆን በሲሚንቶ ሞርታር ያስደፍኑት፤ ውሃው በድንጋዩ ላይ እንጂ በሥሩ የሚሄድበት መንገድ አይኑረው።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው ያስቃል። አንድ ግቢ ሦስት ቀን ቀዳዳ ስፈልግ ከርሜ አጣሁ። ለካ ሰዎቹ ኩሬው ዳር ቄጠማ ተክለዋል፤ እሑድ እሑድ አጭደው ለቡናው ይጎዘጉዙታል። ቄጠማው ከላስቲኩ ጠርዝ በላይ ተሻግሮ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ፣ አንድ እግሩን አፈሩ ውስጥ አድርጓል። እንደ ኩራዝ ክር ቀንና ሌሊት ውሃውን ወደ ውጭ ይመጥጣል። የላስቲኩን ጠርዝ ቀና አድርገን ከአፈሩ ለየነው፣ ውሃው በዚያው ቆመ። ቄጠማውን አልነቀልንባቸውም።

እግረ መንገድዎን ላዩ ገንዳ ውስጥ ቀይ አሽ ቢሞሉበት ውሃው ይጠራልዎታል። ቢሾፍቱ ቀይ አሹ ደጅዎ ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይሰፍሩበታል። ጎማ ይዘው ጥርት እስኪል ይጠቡት። ሲያመጡልዎት ግን ቀዩ መሆኑን ይዩ። እኔ አንድ ጊዜ በስልክ አዝዤ ነጩን ፑሚስ አመጡልኝ፣ አንድ ነው ብዬ ሞላሁት፤ ፓምፑን ስከፍት ድንጋዩ ሁሉ ተንሳፍፎ በፏፏቴው ወረደ። የቤቱ ልጆች እስከ ማታ ሲጫወቱበት ዋሉ።

ጓደኛዬ ለኩሬዬ የሚሆን ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ራሱ የሚንሳፈፍ ተክል ከሐይቁ አመጣልሃለሁ አለኝ። አረንጓዴውን ዋቅላሚም (አልጌውን) ይቀንሳል ይላል። — ከባሕር ዳር

እንቦጭ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጠህ ይህን ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ።

ዋቅላሚ መቀነሱ እውነት ነው፤ ውሃውን ስለሚያጨልመውና ምግቡን ስለሚሻማው። በሁለት ሳምንት ገደማ ግን እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተኝቶ መብቀል ይችላል። በፈረንጆቹ 1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ተመዘገበ፤ የቀረውን ገበሬው በእጁ ሲነቅል አይተሃል። ክረምት ኩሬህ ሞልቶ ሲፈስስ አንዲት ቅጠል ከወጣች ሥራው ያንተ ነው። ቅጠሉ ውሃው ላይ የሚተኛ የውሃ ሊሊ ትከል፣ የኩሬውን ግማሽ ያልብስልህ። ደንገልም በአፈ ሰፊ ማሰሮ ተክለህ ዳሩ ላይ አስቀምጥ፤ ያለ ማሰሮ ከሆነ ኩሬውን ይወርሰዋል።

ልጆቼ የ4 እና የ7 ዓመት ናቸው፣ ፏፏቴ ይወዳሉ። ጎረቤቴ ግን ኩሬ ከቆፈርሽ ወባ አመጣሽብን ብላ ከወዲሁ ተቀይማኛለች። አስታርቁን። — ከድሬዳዋ

እህቴ፣ እኔ ከጎረቤትሽ ጋር ነኝ።

ድሬዳዋ አዲስ አበባ አይደለችም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 እናንተ ከተማ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ተደርጋለች። የለመድናት የወባ ትንኝ ገጠር ረግረግ ትወዳለች፤ ይቺኛዋ ግን በርሜል፣ የውሃ ታንከር፣ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል። የሚንቀሳቀስ ውሃ አይመቻትም፣ አሳም እጮቿን ይበላል፤ ይሁንና መብራት ሄዶ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ አንድ ሁለት ሳምንት ከቆመ፣ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስ ያ ይበቃታል። አራት ዓመት ልጅ ባለበት ግቢ 70 ሳንቲም ውሃ መኖሩን ደግሞ ከወባው ለይቼ አላየውም። ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም።

ስለዚህ ኩሬ የሌለው ፏፏቴ ሥሪ። መሬት ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ ታንከር ይቀበራል፣ ፓምፑ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ አፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት ሽቦ፣ ሽቦው ላይ የፌሮ ፍርግርግ፣ ከዚያ ላይ ድንጋይ። ውሃው ከፏፏቴው ወርዶ በድንጋዮቹ መካከል ይጠፋል፣ እንደገና ከላይ ይወጣል። ልጆቹ እግራቸውን ያረጥቡበታል እንጂ የሚሰጥሙበት ውሃ የለም። ማታ ስታጠፊው ደግሞ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። የወንፊቱን ሽቦ በየወሩ ፈትሺ፤ ከተቀደደ ከበርሜል አይሻልም። ጎረቤትሽን የመጀመሪያው ቀን ቡና ጥሪያት፣ ራሷ ድንጋዩን ገልጣ ትይ።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ፏፏቴዬ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነው። ሌሊት ሌሊት ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሽንቴ ይመጣብኛል። ሚስቴ ትስቅብኛለች። ምን ይሻላል? — ከሐዋሳ

አባባ፣ አይሳቀቁ፣ ይህን የጠየቁኝ አምስተኛው ሰው ነዎት። እንዲህ የሚሰማው ውሃው አንድ ቀጭን ገመድ ሆኖ ጥልቅ ውሃ ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ነው። ከላይ ውሃው የሚወርድበት ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት የእንቁላል መጠን ያላቸውን ጠጠሮች ደርድረው ገመዱን ይበትኑት። ከታች ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ አናቱ ከውሃው ገጽ 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይበል። ድንጋዩን ወዲህ ወዲያ እያሉ ያዳምጡ፣ አንድ ጣት ፈቀቅ ሲል ድምፁ ይለወጣል። ሥራውን ግን በቀን አይሥሩት፤ የመኪናው ጩኸት ጋብ ሲል፣ ባለቤትዎ መኝታ ቤት ሆነው «አሁን» ይበሉዎት። አልሆን ካለ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፓምፑን ያጥፉት። አሳ ከሌለበት የሚቀየም የለም።